ሁለት ሻምፒዮኖች ይገጣጠሙ ወይስ ይቅር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ ክብደት ሁለት ሻምፒዮን ሲኖር የቦክስ አፍቃሪው ጎራ ለይቶ ዱላ ቀረሽ ክርክር ይገጥማል። አንዱ «ፈርቶት ነው» ይላል። ሌላው «በገንዘብ ስላልተስማሙ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ይቆይ፣ ገና ይሙቅ» ባይ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት በዚህ ክርክር መሃል የማይቀሩት ጥያቄዎች ናቸው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይገጣጠሙ ባይ ነኝ፤ ያውም ቶሎ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ክብደት እንዴት ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ይኖራል?

ሁለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አራትም ሊሆን ይችላል። በፕሮፌሽናል ቦክስ የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶ የሚሰጡ አራት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። በዕድሜ ትልቁ ደብልዩ ቢ ኤ ሲሆን መነሻው 1921 ነው። ደብልዩ ቢ ሲ በ1963፣ አይ ቢ ኤፍ በ1983፣ ደብልዩ ቢ ኦ ደግሞ በ1988 ተመሠረቱ። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ፣ የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥና የራሱ ቀበቶ አለው።

በወንዶች 17 የክብደት ምድቦች አሉ። 17ን በ4 አባዙት፤ 68 የዓለም ሻምፒዮን ቦታ ይመጣል። በዚያ ላይ «ጊዜያዊ» እና «ሱፐር» የሚባሉ ተጨማሪ ማዕረጎች አሉ። ቀበቶ በዛ ስንል ቀልድ አይደለም።

አራቱንም የሰበሰበ የማያከራክር ሻምፒዮን ይባላል። እዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በከባድ ሚዛን ሌኖክስ ልዊስ በ1999 ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ የዘመኑን ዋና ዋና ቀበቶዎች ከሰበሰበ በኋላ፣ ቀጣዩ የማያከራክር ሻምፒዮን የተገኘው በግንቦት 2024 ነው። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ሪያድ ላይ ታይሰን ፊዩሪን በዳኞች ውሳኔ ሲያሸንፍ ማለት ነው። በመሃል ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «እውነተኛው ሻምፒዮን ማነው?» የሚለው ጭቅጭቅ አልበረደም።

ታዲያ «ተጋጠሙ» ብሎ የሚያስገድዳቸው የለም?

የለም። ቦክስ ሊግ የለውም። በእግር ኳስ የጨዋታ መርሐ ግብር ይወጣል፤ ቡድኑ ወደደም ጠላም ሜዳ ይገባል። በቦክስ ግን እያንዳንዱ ግጥሚያ ለብቻው የሚዋዋሉት ንግድ ነው። አንዱ ካልፈረመ ግጥሚያ የለም።

ድርጅቶቹ የሚያስገድዱት ሌላ ነገር ነው። በሰንጠረዣቸው አናት ላይ የተቀመጠ ግዴታ ተጋጣሚ አለ። ሻምፒዮኑ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እሱን ካልገጠመ ቀበቶው ሊወሰድበት ይችላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሻምፒዮን ተደብቆ እንዳይኖር ነው። ችግሩ አራት ድርጅት አራት ግዴታ ተጋጣሚ ያመጣል። አራቱንም ቀበቶ የያዘ ሰው በአንዴ ለአራት አለቃ የሚሠራ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የኡሲክን ነገር ተመልከቱ። ፊዩሪን አሸንፎ አራቱን ቀበቶዎች ከያዘ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ለቀቀ። ምክንያቱ ከፊዩሪ ጋር የመልስ ግጥሚያ ውል ስለነበረው የድርጅቱን ግዴታ ተጋጣሚ ሊገጥም አለመቻሉ ነው። ቀበቶው ወደ ዳንኤል ዱቦይስ ሄደ። ኡሲክ በሐምሌ 2025 ለንደን ዌምብሌይ ላይ ዱቦይስን በአምስተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ መልሶ ወሰደው። ሻምፒዮን ተደብቆ እንዳይኖር የወጣው ሕግ ያዋሃዱትን መልሶ ይበትናል።

አንዱ ስለሚፈራ አይደል የሚሸሸው?

ይህ ጥያቄ ነው ክርክሩን የሚያጋግለው። መልሴ ብዙዎችን አያስደስትም። ቡጢ መፍራትና ኪሳራ መፍራት ይለያያሉ። ዕድሜውን በሙሉ ጭንቅላቱን ሲመታ የኖረ ሰው ተቀናቃኙን አይቶ ጉልበቱ ይብረከረካል ብዬ አላምንም። የሚፈራው ሽንፈቱ የሚያስከፍለውን ነው። ያልተሸነፈ ቦክሰኛ በስሙ ጎን ያለችው የሽንፈት ዜሮ ገንዘብ ናት። ቴሌቪዥኑ በእሷ ይሸጣል፤ ግጥሚያ የሚያዘጋጀው ነጋዴ፣ ማለትም ፕሮሞተሩ፣ በእሷ ይደራደራል። አነስ ያለ ተጋጣሚ ገጥሞ ደህና ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ ለምን ያጣታል? ስሌቱ ይኸው ነው። ልክ ነው አላልኩም። ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ይህን ስል ሽሽት የለም ማለቴ አይደለም። በታኅሣሥ 1992 ሪዲክ ቦው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ደብልዩ ቢ ሲ ሌኖክስ ልዊስን እንዲገጥም ይፈልግ ነበር። ቦው ለንደን ሄዶ ካሜራ ፊት የደብልዩ ቢ ሲን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። «ቀበቶው ለእኔ ምንም አይደለም» የሚል መልእክት ለማስተላለፍ ነበር። ሰው ግን ሌላ ነገር አስታወሰ። ልዊስ በ1988 በሶል ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ፍጻሜ ቦውን በሁለተኛው ዙር አሸንፎታል። በፕሮፌሽናል ሪንግ ሳይገናኙ ቀሩ። ቦው ምንም ምክንያት ቢያቀርብ ያቺ የቆሻሻ መጣያ እስከዛሬ ትከተለዋለች።

ካኔሎ አልቫሬዝም በ2016 ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶበታል። ጌናዲ ጎሎቭኪን ግዴታ ተጋጣሚው ሆኖ ሲመጣ የደብልዩ ቢ ሲን ቀበቶ ለቀቀ። ቀበቶው ያለ ግጥሚያ ለጎሎቭኪን ተሰጠ። ደጋፊው «ሸሸ!» ብሎ ጮኸ። በመስከረም 2017 ግን ገጠመው። ከዚያም ሁለት ጊዜ ደገመው። ስለዚህ «ፈሪ» የሚለውን ቃል ከመወርወር በፊት ጥቂት መጠበቅ አይከፋም። አንዳንዱ የሚሸሽ የሚመስለው ተጋጣሚው ዕድሜው እስኪገፋ እየጠበቀ ነው። ይህ ግን ፍርሃት ሳይሆን ብልጠት ነው። ለእኔ ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ ብልጠቱ ነው የሚያናድደኝ።

ቦክሰኞቹ ራሳቸው «ዝግጁ ነኝ» ካሉ ምን ያግዳቸዋል?

ፕሮሞተርና ቴሌቪዥን። ቦክሰኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፕሮሞተር ጋር ውል አለው። ፕሮሞተሩ ደግሞ ከአንድ የቴሌቪዥን ወይም የስትሪሚንግ ኩባንያ ጋር ይሠራል። ሁለቱ ሻምፒዮኖች በሁለት ተፎካካሪ ጣቢያ ሥር ከሆኑ ግጥሚያውን ማን ያስተላልፋል? ገቢውስ እንዴት ይከፈላል? ሁለት ነጋዴ የየራሱን ምርጥ ዕቃ አጋጭቶ አንዱ እንዲሰበር መስማማት አለበት።

በአሜሪካ ይህ ግድግዳ ኤች ቢ ኦ እና ሾውታይም ይባል ነበር። ሁለቱ ጣቢያዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩባቸው ትልልቅ ግጥሚያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በሰኔ 2002 ሜምፊስ ላይ የተደረገው የልዊስና የማይክ ታይሰን ግጥሚያ ነው። ሌላው የፍሎይድ ሜይዌዘርና የማኒ ፓኪያዎ ነው።

ኤሮል ስፔንስና ቴረንስ ክሮፎርድም በዚሁ ጣጣ ተጉላልተዋል። ክሮፎርድ ወደ ዌልተር ሚዛን የገባው በ2018 ነው። ስፔንስ ያኔ በዚያው ክብደት ሻምፒዮን ነበር። ግን አንዱ በአንድ ፕሮሞተር፣ ሌላው በሌላ ነበር። ክሮፎርድ በ2021 መጨረሻ ከፕሮሞተሩ ከተለያየ በኋላ ነው በሩ ገርበብ ያለው። የገጠሙት በሐምሌ 2023 ነው።

በቅርብ ዓመታት የሳዑዲ ገንዘብ ይህን ግድግዳ በብዙ ቦታ አፍርሶታል። አርቱር ቤተርቢየቭና ዲሚትሪ ቢቮል በጥቅምት 2024 ሪያድ ላይ ለአራቱም ቀበቶዎች የተፋለሙት የተለያዩ ፕሮሞተሮች እያሏቸው ነው። ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ሲቀርብ «አይሆንም» ያለው ሁሉ ልቡ ራራ። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለምንስ መጣ የሚለው ሌላ ትልቅ ክርክር ነው። ግጥሚያዎቹ ግን ተካሄዱ። ይህን መካድ አይቻልም።

ገንዘቡን እንዴት ነው የሚካፈሉት?

ቋሚ ሕግ የለም። ብዙ ሰው የሚስበው ብዙ ይወስዳል። ሜይዌዘርና ፓኪያዎ የተስማሙት በ60 ለ40 ነው፤ 60ው ለሜይዌዘር። ሙሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር ግን በመጋቢት 1971 እኩል ነበር የወሰዱት። እያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። ለዚያ ዘመን የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነው።

ከመቶኛው ይልቅ ድርድሩን የሚያፈርሱት አንዳንዴ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ማን ኋላ ይገባል? የማን ስም ይቀድማል? ተሸናፊው የመልስ ግጥሚያ የመጠየቅ መብት አለው? ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ያሸነፈው ሰው ቀጣይ አንድ ዓመቱን ቀድሞ ሸጠ ማለት ነው።

መቼ ነው መገጣጠም ያለባቸው?

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። «ይገጣጠሙ ወይ?» ለሚለው አብዛኛው ሰው «አዎ» ይላል። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሲሆኑ። አንዱ መውረድ ከጀመረ ግጥሚያው ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። «ማን ይበልጣል?» ቀርቶ «ማን ቀስ ብሎ አረጀ?» ይሆናል።

የሜይዌዘርና የፓኪያዎን ታሪክ እናስታውስ። ድርድሩ የተጀመረው በ2009 መጨረሻ ነው። ዓለም በሙሉ ይጠብቀው ነበር። የሜይዌዘር ወገን የአበረታች መድኃኒት የደም ምርመራ በማንኛውም ጊዜ ይደረግ አለ፤ የፓኪያዎ ወገን በቀኑ ላይ አልተስማማም። ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዓመታት በወቀሳ አለፉ። በ2012 ፓኪያዎ በቲሞቲ ብራድሊ በነጥብ ተሸነፈ። ያ ውሳኔ ዛሬም ያከራክራል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ በስድስተኛው ዙር በዝረራ በፊቱ ደፋው። እንዲያም ሆኖ ግጥሚያው በግንቦት 2015 ላስ ቬጋስ ላይ ተደረገ። ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያዎ 36 ዓመታቸው ነበር።

በንግዱ በኩል ክብረ ወሰን ተሰበረ። በአሜሪካ ብቻ 4.6 ሚሊዮን ሰው ከፍሎ በቴሌቪዥን አየ። ከአዳራሽ ትኬት 72 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገባ። በሪንጉ ውስጥ ግን ምን ነበረ? አንዱ የሚያሳድድ፣ ሌላው እጁን እየሰደደ የሚያፈገፍግ ሁለት አዛውንት ቦክሰኛ። ሜይዌዘር በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ። ከግጥሚያው በኋላ የፓኪያዎ ትከሻ ተጎድቶ እንደነበር ተነገረ። እና ክርክሩ አለቀ? አላለቀም። የፓኪያዎ ደጋፊ ዛሬም «በ2010 ቢሆን ኖሮ» ይላል። ማን መልስ ይሰጠዋል?

ከዚህ ጋር የ1981ን አነጻጽሩት። ሹገር ሬይ ሌናርድ የ25 ዓመት፣ ቶማስ ኸርንስ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዌልተር ሚዛን አንዱ የደብልዩ ቢ ሲ፣ ሌላው የደብልዩ ቢ ኤ ሻምፒዮን። ኸርንስ ያልተሸነፈ ነበር። በመስከረም ላስ ቬጋስ ላይ ተገናኙ። ሦስቱም ዳኞች ኸርንስን ያስቀድሙ ነበር። ሌናርድ አንድ ዓይኑ አብጦ እየተዘጋ በ14ኛው ዙር ጨረሰው። በነገራችን ላይ ያኔ ግጥሚያው 15 ዙር ነበር። ደብልዩ ቢ ሲ ወደ 12 ዝቅ ያደረገው በ1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከግጥሚያ በኋላ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በዛሬው ሕግ ቢሆን በነጥብ የሚያሸንፈው ኸርንስ ነበር። ይህ ራሱ ሌላ የማያልቅ ክርክር ነው።

ሌላም ልጨምር። በመጋቢት 1990 ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝና ሜልድሪክ ቴይለር ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ ሁለቱም ቀበቶ ይዘው ተገናኙ። ቴይለር በሁለት ዳኞች ነጥብ በሰፊው ይመራ ነበር። ሁለት ሰከንድ ሲቀር ዋናው ዳኛ ግጥሚያውን አቆመ። ቻቬዝ አሸነፈ። ሁለት ሰከንድ! ዛሬም ሰው ይጣላበታል። ግን የሚጣላው ስለሆነ ነገር ነው፤ ሊሆን ይችል ስለነበረ ነገር አይደለም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

«ቢቆይ ይሻላል፣ ይሞቃል» የሚሉትስ?

ሐሳባቸውን አልንቅም። ሁለት ወጣቶች ስማቸው ሳይታወቅ ቢገጣጠሙ ማንም አያየውም፤ እነሱም ተገቢውን ገንዘብ አያገኙም። አንድ ሁለት ዓመት መጠበቅ ግጥሚያውን ያተልቀዋል። አሊና ፍሬዘር ለምሳሌ የተገናኙት አሊ ለወታደራዊ አገልግሎት አልመለመልም በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 ከሪንግ ታግዶ ከቆየ በኋላ ነው። መጠበቁ ግጥሚያውን አገነነው። ግን አስተውሉ፤ ያኔም አሊ 29፣ ፍሬዘር 27 ነበሩ። አልፎባቸው አልነበረም።

አንድ ሁለት ዓመት ወደ አምስት ሲሄድ ግን አደጋ አለ። ስፔንስ በ2019 ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት። በ2021 የዓይን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2023 ክሮፎርድ ሦስት ጊዜ መሬት ጥሎት በዘጠነኛው ዙር ሲጨርሰው ግማሹ ደጋፊ «ክሮፎርድ ድንቅ ነው» አለ። ግማሹ «ስፔንስ ድሮ አልቆ ነበር» አለ። ክሮፎርድ ያን ምሽት ያሳየው ቦክስ በዘመኑ ካየናቸው ምርጦች አንዱ ነው። መጠበቁ ግን ድሉ ላይ ጥያቄ ለጠፈበት። ይህ ለአሸናፊውም በደል ነው።

ክብደታቸው ቢለያይስ? ሁለቱም ሻምፒዮን ናቸውና መገጣጠም አለባቸው?

እዚህ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በአንድ ክብደት ያሉ ሻምፒዮኖች ለደጋፊው ዕዳ አለባቸው። በተለያየ ክብደት ያሉት ግን የለባቸውም። ትንሹ ሰው ወድዶ ከወጣ ክብር ለእሱ። ካልወጣ «ፈሪ» መባል የለበትም።

ክሮፎርድ በመስከረም 2025 ካኔሎን ለመግጠም ሁለት ምድብ ዘሎ ወጣ፤ 14 ፓውንድ ማለት ነው፣ ከስድስት ኪሎ በላይ። አሸነፈም። ድንቅ ነው። ግን ድንቅ የሆነው ግዴታ ስላልነበረበት ነው።

መሃል ላይ መገናኘት የሚባል ነገርም አለ። ሁለቱ በመደበኛ ምድብ መካከል ባለ ክብደት ይስማማሉ። አንዳንዴ ከተመዘኑ በኋላ ስንት ኪሎ መጨመር እንደሚቻልም ውል ውስጥ ይገባል። በሚያዝያ 2023 ጀርቮንታ ዴቪስና ራያን ጋርሲያ ሲገጥሙ እንዲህ ያለ ገደብ ነበር። ትልቁን ሰው ውሃ እንዳይጠጣ አድርጎ ሪንግ ማስገባት ለእኔ ጨዋታ አይደለም። ድርቀት በጭንቅላት ላይ ከሚያርፍ ቡጢ ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው።

ተሸናፊው ያበቃለታል?

ደጋፊዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ኸርንስ በሌናርድ ከተሸነፈ በኋላ በሌሎች በርካታ ምድቦች ሻምፒዮን ሆኗል። አሊም በ1971 በፍሬዘር ተሸንፎ ነው ትልቁን ታሪኩን የሠራው። ቢቮል በጥቅምት 2024 በቤተርቢየቭ ለጥቂት ተሸነፈ። በየካቲት 2025 መልሶ ገጥሞ አራቱንም ቀበቶዎች ወሰደ። ዜሮዋን ማጣት ሞት አይደለም።

ግን ሁሉም እንዲህ አያልቅለትም። ቴይለር ከቻቬዝ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ያን ምሽት የወሰደው ድብደባ ከውጤቱ የከበደ ነበር። «ይገጣጠሙ!» ብለን ስንጮህ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ እንዳልሆንን ማወቅ ደግ ነው።

ወንድማማች ወይም የቅርብ ጓደኛ ቢሆኑስ?

ይተዋቸው! ቪታሊና ቭላዲሚር ክሊችኮ የከባድ ሚዛንን ቀበቶዎች ለሁለት ተከፋፍለው ለዓመታት ገዝተዋል። ለእናታቸው እንደማይገጣጠሙ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ምድቡ የማያከራክር ሻምፒዮን ሳይኖረው መቆየቱ እውነት ነው። በዚህ የሚከፋ ሰው ካለ እናቲቱን ያናግር።

በሴቶች ቦክስም ችግሩ ያው ነው?

ከወንዶቹ የተሻለ ነው። ሻምፒዮኖቹ ቶሎ ይገናኛሉ። በሚያዝያ 2022 ኬቲ ቴይለርና አማንዳ ሴራኖ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገጠሙ፤ በዚያ አዳራሽ የሴቶች ቦክስ ዋና ግጥሚያ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው። በጥቅምት 2022 ደግሞ ክላሬሳ ሺልድስና ሳቫና ማርሻል ለንደን ላይ ተገናኙ። ሺልድስ ሦስት ቀበቶ፣ ማርሻል አንድ ይዛ። ማርሻል በ2012 በአማተርነት ዘመናቸው ሺልድስን ያሸነፈች ብቸኛዋ ሴት ነበረች። አሥር ዓመት የቆየ ቂም ነው። ሺልድስ በነጥብ አሸንፋ ዘጋችው።

አንዳንዱ ሰው «ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው የሚስማሙት» ይላል። ሊሆን ይችላል። ከሆነም ብዙ ገንዘብ ግጥሚያን እንደሚያዘገይ ያረጋግጣል።

ግጥሚያው ከተደረገ በኋላ ክርክሩ ያልቃል?

በዝረራ ካለቀ አዎ፣ በአብዛኛው። በዳኞች ከሆነ ተዉት። በመስከረም 2017 ካኔሎና ጎሎቭኪን አቻ ወጡ። አንዷ ዳኛ 118 ለ110 ለካኔሎ ሰጥታ ነበር። ከአዳራሹ የወጣው ሰው ዓይኑን ማመን አቅቶት ነበር። በ1999 ኦስካር ደ ላ ሆያና ፌሊክስ ትሪኒዳድ፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ ሲገጥሙ ደ ላ ሆያ «መርቻለሁ» ብሎ የመጨረሻዎቹን ዙሮች በመሸሽ አሳለፈ። ዳኞቹ ለትሪኒዳድ ሰጡ። ደጋፊው እስከዛሬ ሁለት ቦታ ነው። እኔ ብጠየቅ ደ ላ ሆያ በራሱ እጅ ነው ያጣው፤ መሪ ነኝ ብሎ የሚሸሽ ሻምፒዮን ዳኛን መውቀስ የለበትም።

«እሱ ያሸነፈውን ሰው ያኛው አሸንፏል» ብሎ መከራከር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን አያዋጣም። ፍሬዘር በ1971 አሊን አሸነፈ። ጆርጅ ፎርማን በ1973 ፍሬዘርን በሁለት ዙር አደቀቀው። በዚህ ስሌት ፎርማን አሊን መብላት ነበረበት። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ኬን ኖርተንንም ጨምሩበት። አሊን በ1973 አሸንፏል፤ ፎርማን ግን በ1974 በሁለት ዙር ጨርሶታል። የቦክስ አጨዋወት እንዲህ ነው። የአንዱ ጥንካሬ ለሌላው ምቹ ይሆናል። ወደ ፊት የሚገሰግስ ሰው አንዱን ያስጨንቃል፤ ለሌላው ደግሞ ራሱን ያቀርብለታል። ለዚህ ነው በወረቀት ላይ የሚያልቅ ክርክር የሌለው፤ ለዚህ ነው ግጥሚያው የሚያስፈልገው።

ፊዩሪና ጆሹዋ ሁለቱም ቀበቶ ይዘው ሳለ ለምን አልተገጣጠሙም?

ላም አለኝ በሰማይ የሆነው እዚህ ነው። በ2021 ፊዩሪ የደብልዩ ቢ ሲ፣ አንቶኒ ጆሹዋ የሌሎቹ ሦስት ቀበቶዎች ባለቤት ነበሩ። ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ ሁለቱም ግዙፍ፣ ሁለቱም ስመ ጥር። ፊዩሪ በግንቦት ወር በቪዲዮ ብቅ ብሎ ነሐሴ 14 ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ እንደሚገናኙ አበሰረ። ወዲያው የአሜሪካ የግልግል ዳኛ ፊዩሪ መጀመሪያ ዲዮንቴ ዋይልደርን ለሦስተኛ ጊዜ የመግጠም ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ፈረሰ። በመስከረም ጆሹዋ በኡሲክ ተሸንፎ ቀበቶዎቹን አጣ። ፊዩሪ በጥቅምት ዋይልደርን በ11ኛው ዙር አሸነፈ። በአምስት ወር ውስጥ የትውልዱ ግጥሚያ ተብሎ የተጠበቀው ነገር ቀለሙ ተገፈፈ።

«ተስማምተዋል» የሚል ወሬ ስሰማ መቼ ልመን?

«በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» ሲባል አትመኑ። ቦክሰኛው በስልኩ ቪዲዮ ሲለቅም አትመኑ፤ ከላይ ያለውን አይታችኋል። ቀኑ፣ ቦታውና የሚያስተላልፈው ጣቢያ በአንድ ላይ ሲነገር ግማሽ ያህል እመኑ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው መግለጫ ሲሰጡ ትንሽ ጨምሩ። የቀድሞ ውል ያለው ሦስተኛ ሰው አለመኖሩንም አረጋግጡ፤ ብዙ ግጥሚያ የሚፈርሰው በእሱ ነው። ትኬት ከተሸጠ በኋላም ጉዳት አለ። ቤተርቢየቭና ቢቮል መጀመሪያ የተቀጠሩት ለሰኔ 1 ቀን 2024 ነበር። ቤተርቢየቭ ጉልበቱን ተጎዳና ወደ ጥቅምት ተሻገረ። ሚዛን ላይ ወጥተው ሁለቱም ክብደታቸውን ሲያሟሉ ግን በልበ ሙሉነት ወንበር ያዙ።